ሞተሩ እየሠራ ሄሊኮፕተሯ ለምን ወረደችብኝ?

ጀማሪ_በራሪ (ዴንቨር)

ሰላም ለዚህ ቤት። እያነበብኩ ድምፄን አጥፍቼ የምወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን ልጽፍ፤ አስራ አንድ ቀን ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

የሄሊኮፕተር ፈቃድ እየተማርኩ ነው። ማታ ኡበር እነዳለሁ፣ ያገኘኋትን ይዤ ቀን ላይ እበራለሁ። የምማርባት አር22 ናት። ለማታውቋት፦ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚቀመጥባት፣ ከባጃጅ ትንሽ ከፍ የምትል ነገር ናት። እስካሁን 31 ሰዓት በርሬባታለሁ።

የዛን ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ ሙቀቱ 32 ዲግሪ። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 5,900 ጫማ ገደማ ነው። ሁልጊዜ የምበረው ጠዋት ነው፤ የዛን ቀን ተራዬ ተዛወረብኝና ከሰዓት ሆነ። ነዳጅ ሙሉ ነበር። አስተማሪዬ ደልደል ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ሦስት ጫማ ላይ ሆቨር አደረግን፣ ማለት አንድ ቦታ አየር ላይ ቆምን። ከዛ «እስቲ 30 ጫማ ውጣና ወደ ግራ ዙር፣ የነፋስ ከረጢቱን እንየው» አለኝ።

ወጣሁ። ግራ ፔዳል ረገጥኩ። ግማሽ ሳልዞር ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን፣ የማይቆራረጥ ጩኸት መጣ፤ ቢጫ መብራትም በራ። ሆርኑ ነው፣ የሮተሩ (ከላይ የሚዞረው ክንፍ) ዙር ሲቀንስ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ። መሬቱ ወደኛ መምጣት ጀመረ። እጄ ምን አደረገ? ኮሌክቲቩን፣ ማለት ከፍ ዝቅ የሚያደርጋትን የግራ እጅ ማንሻ፣ ወደ ላይ ሳበ። እኔ አላዘዝኩትም፣ ራሱ ሳበ። አስተማሪዬ «አውርድ! አውርድ!» እያለ እጄን ተጫነኝ። ግራ እግሬ ፔዳሉን መጨረሻ ድረስ ረግጦታል፣ አፍንጫዋ ግን ወደ ቀኝ መዞር ጀመረች። ከዛ ቀኝ ስኪዱ (በጎማ ፋንታ የምታርፍበት ብረት) ቀድሞ መሬት መታ። አንዴ ነጠርን፣ ጭራችን መሬት ነካ፣ ልንገለበጥ ትንሽ ሲቀረን ቆመች። ስኪዶቹ እንደ ደከመ አህያ እግር ተንበርክከዋል።

እኔ ምንም አልሆንኩም። አስተማሪዬ ጀርባውን ይዞ ወረደ። አሁንም የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው፦ ሞተሩ እኛ እስክናጠፋው ድረስ ሲያጓራ ነበር። ሞተር ሳይጠፋ ለምን ወደቅን? ከፍ በል ብዬ ስስበው ለምን ዝቅ አለ?

ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሳሪስ_አካባቢ

እንኳን ነፍስህ ተረፈ ወንድሜ። እናቶች ሳይነገራቸው ነው የሚያውቁት፣ ዛሬ ማታ ሕልም አይታ ብትደውልልህ እንዳትደነግጥ።

ግን ከባጃጅ ትንሽ ከፍ የምትል ነገር ላይ፣ ለዛውም ከፍለህ?

ካፒቴን_ዜድ

ይሄማ ግልጽ ነው። ቮርቴክስ ሪንግ ይባላል። ሄሊኮፕተሯ ራሷ ወደ ታች የገፋችው አየር ዞሮ ከላይ ይመጣና እሱ ውስጥ ትሰምጣለህ። ኮሌክቲቭ በሳብክ ቁጥር ይብስብሃል። መፍትሔው ወደ ፊት ገፍቶ መውጣት ነው። አስተማሪህ ይሄን ካላስተማረህ ገንዘብህን አስመልስ።

ጀማሪ_በራሪ (ዴንቨር)

ካፒቴን አመሰግናለሁ። ግን እኛ እየወረድን አልነበረም እኮ፣ ቆመን ነበር። ደግሞ ሆርኑስ?

ሃንጋር_ሌሊት (ዱባይ)

ካፒቴን ዜድ፣ ይቅርታ አድርግልኝና አይደለም። እኔ ፓይለት አይደለሁም፤ ሄሊኮፕተር ጠጋኝ ነኝ፣ የምሠራው በሌሊት ፈረቃ ነው። ቮርቴክስ ሪንግ ውስጥ ለመግባት ቀድሞ በሞተር ጉልበት ቁልቁል መውረድ አለብህ፣ በደቂቃ 300 ጫማም ይሁን ከዛ በላይ፣ ወደ ፊት ያለህ ፍጥነት ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ። እዛ ውስጥ ሆነህ የሮተሩ ዙር ሙሉ ነው፣ ሆርንም አይጮህም። የዚህ ልጅ ሆርን ጮኋል። አር22 ላይ ያ ሆርን የሚጮኸው የሮተሩ ዙር ወደ 97 ፐርሰንት ሲወርድ ነው። የጮኸው ስለ ዙሩ ነው።

ጀማሪ፣ አሁን ላንተ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናህን ያዝ።

ኮሌክቲቭ ስትስብ የምታደርገው ብሌዶቹን ማዘንበል ነው። ብዙ አየር ይገፋሉ፣ በዛው ልክ አየሩም ይይዛቸዋል። እንዳይዘገዩ ሞተሩ ተጨማሪ ጉልበት ማምጣት አለበት። ያን የሚያስተካክልልህ ገቨርነሩ ነው፤ ዙር ቀነስ ሲል ትሮትል፣ ማለት የሞተሩን ጋዝ፣ ይከፍታል። ችግሩ ትሮትል መጨረሻ አለው። አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ገቨርነሩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከዛ በኋላ የምትስባት እያንዳንዷ ጣት የምትወሰደው ከሮተሩ ዙር ላይ ነው።

የማንሳት ኃይል ደግሞ ከዙሩ ጋር እኩል እኩል አይቀንስም፤ በስኩዌር ነው። ዙሩ 90 ፐርሰንት ሲሆን የቀረህ 81 ፐርሰንት ነው። አንድ አምስተኛው የለም። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አር22 ላይ ሞተሩና ሮተሩ በቀበቶ የተያያዙ ናቸው፣ ሮተሩ ሲዘገይ ሞተሩም አብሮ ይዘገያል። የዘገየ ፒስተን ሞተር ደግሞ የሚሰጠው ፈረስ ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ ወደ ላይ ስትስብ ሞተሩን ራሱን እያነቅከው ነው። የሚያጓራው ድምፅ እውነት ነው፣ ሞተሩ ሠርቷል። ጉልበቱ ግን አልበቃም።

አፍንጫዋ ለምን ወደ ቀኝ ዞረች ላልከው፦ የጭራው ሮተር ከዋናው ጋር በጥርስ የታሰረ ነው። ዋናው ሲዘገይ እሱም ይዘገያል፣ የሱም ግፊት በስኩዌር ይቀንሳል። እግርህ መጨረሻ ደርሷል፣ ፔዳሉ የሚያዘው ነገር ግን አልቋል። በዛ ላይ ወደ ግራ ነው የዞርከው። የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ላይ ግራ ፔዳል ጉልበት ይበላል፣ ቀኝ ፔዳል ይመልስልሃል። አስተማሪህ «ወደ ቀኝ ዙር» ብሎህ ቢሆን ምናልባት ይሄን ክር አትከፍትም ነበር።

ሦስት ጫማ ላይ ደህና የነበራችሁት ደግሞ በመሬቱ ምክንያት ነው። የሚገፋው አየር መሬት መትቶ እንደ ፍራሽ ይሆንልሃል። የአር22 ሮተር ስፋቱ ከ25 ጫማ ትንሽ ይበልጣል። ያን ያህል ከፍታ ስትደርስ ፍራሹ የለም ማለት ይቻላል። 30 ጫማ ላይ በራስህ ጉልበት ብቻ ነህ።

ሳሪስ_አካባቢ

ሃንጋር፣ አንተ ሌሊት ሌሊት ሄሊኮፕተር ትጠግናለህ ወይስ ታስተምራለህ? እኔ እንኳን ገባኝ።

ጋሼ_ሚል (ቢሾፍቱ)

ልጄ ጀማሪ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። አየር ኃይል ውስጥ ሚ-8 በሚባለው የሶቪየት ሄሊኮፕተር ስር ተኝቼ ነው ጠጉሬ የሸበተው። ይሄ የዱባዩ ልጅ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን በወፍጮ ቤት ልንገርህ።

ልጅ ሆነህ ወፍጮ ቤት እህል ይዘህ ሄደህ ታውቅ ይሆናል። ሞተሩ ዱግ ዱግ ዱግ እያለ ይዞራል። ባለ ወፍጮው ከላይ ያለውን የእህል መውረጃ ትንሽ ከፈት ያደርጋል፣ ድምፁ ወፈር ይላል፣ ዱቄቱ ይወርዳል። አንድ የቸኮለ ጎረምሳ መጥቶ መውረጃውን ቦግ አድርጎ ይከፍተዋል። ያኔ ድምፁን ስማ። ዱ...ግ፣ ዱ.....ግ። ሞተሩ አልጠፋም፣ ነዳጅ አለው፣ ጭሱም ይወጣል። ድንጋዩ ግን እየቆመ ነው። ባለ ወፍጮው ምን ያደርጋል? ተጨማሪ እህል ይጨምራል? ሮጦ መውረጃውን ይዘጋል። ድንጋዩ ዙሩን እስኪመልስ ይጠብቃል፣ ከዛ በትንሽ በትንሹ ይከፍታል።

ኮሌክቲቭ ማለት ያ መውረጃ ነው። አንተ ድንጋዩ ሲቆም እህል ጨመርክበት።

በ77 ድርቅ ጊዜ ሰሜን ላይ ነበርን። የሶቪየትም የፖላንድም ሚ-8ቶች እህል ያመላልሱ ነበር፣ እኛም የራሳችንን ይዘን። አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ካለች ጠፍጣፋ ቦታ ልንነሳ ነው። ኋላ የተጫነውን ማንም አልመዘነውም። «ትንሽ ነው» ተባለ። ፓይለቱ ቀስ አድርጎ ሳባት። ጎማዎቹ መሬቱን ለቀቁ፣ አንድ ክንድ ያህል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ድምፁ ወፍሮ ሲወርድ በደረቴ ሰማሁት። ፓይለቱም ሰምቷል። ወዲያው መልሶ አስቀመጣት። ዞር ብሎ አየንና በሦስት ጣቱ አሳየን፦ ሦስት ኩንታል አውርዱ። አንዱ ሹም ተቆጣ። ፓይለቱ አልመለሰለትም፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ እየጠረገ ጠበቀ። ሦስቱን አወረድን። ያኔም ቢሆን ቀጥ ብሎ አልተነሳም፣ ሚ-8 ጎማ ስላላት እንደ አውሮፕላን እያንደረደረ ነው የወጣው። ወደ ፊት ስትሄድ ሮተሩ ያልተበጠበጠ አየር ያገኛል፣ የሚፈልገው ጉልበት ይቀንሳል።

እዛው ገደሉ ጫፍ ላይ ሆኖ ቢስባት እኔ ዛሬ ይሄን አልጽፍልህም።

ኢሱዙ_ነጂ

ጋሼ እናመሰግናለን፣ እድሜ ይስጥልን።

እኔ በሹፌር ቋንቋ ስረዳው፣ እንጦጦ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እንደመሄድ ነው። ነዳጅ ትረግጣለህ፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ማርሽ መቀነስ አለብህ። ልክ ነኝ?

ሃንጋር_ሌሊት (ዱባይ)

በጣም ልክ ነህ። ኮሌክቲቭ ማውረድ ማርሽ እንደ መቀነስ ነው። ልዩነቱ ኢሱዙ ቢበዛ ይጠፋብሃል፣ ወደ ኋላም ቢሄድ ታኮ አለ። አር22 ላይ ዙሩ ከወረደ የሚጠብቅህ ስቶል ነው። ብሌዶቹ በጣም ሲዘገዩና በጣም ሲያዘነብሉ አየሩን መያዝ ያቆማሉ። አር22ን የሚሠራው ሮቢንሰን ኩባንያ ራሱ የሚሰጠው ሒሳብ አለ፦ 80 ፐርሰንት፣ በእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ላይ 1 ፐርሰንት እየጨመርክ። ከዛ በታች ከወረድክ ብሌዶቹ ጨርሰው ስቶል ሊያደርጉ ይችላሉ፣ አየር ላይ ሆነህ ከዛ መመለስ የለም።

ጀማሪ በቆመበት ቦታ እናስላው። 5,900 ጫማ ላይ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዛን ቀን 32 ነበር። በእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ብትጨምር፣ አየሩ ለሄሊኮፕተሯ የሚሰማት 9,300 ጫማ ላይ እንዳለች ነው። ዴንሲቲ አልቲትዩድ የሚባለው እሱ ነው። ስለዚህ የስቶሉ መስመር 89 ፐርሰንት። ሆርኑ 97 ላይ ጮኸ። በመሃል ያለችህ ስምንት ፐርሰንት ናት። የአር22 ብሌድ ቀላል ነው፣ እንደ ድሮው የጦር ሄሊኮፕተር እንደ ሂዩይ ከባድ ብሌድ ጉልበት አጠራቅሞ አይጠብቅህም። ሰከንድ ወይ ሁለት ሰከንድ ነው ጨዋታው።

አስተማሪህ ኮሌክቲቩን የተጫነህ ለዛ ነው። ስኪዱን ሰብሯል፣ ዙሩን ግን አትርፏል።

ካፒቴን_ዜድ

እሺ፣ ቮርቴክስ አይደለም። ተቀብያለሁ።

ግን አስተማሪውን ጀግና አታድርጉት። ተማሪ ይዞ ሲበር ኃላፊው እሱ ነው። 32 ዲግሪ፣ ሙሉ ነዳጅ፣ ሁለት ሰው፣ 30 ጫማ፣ ወደ ግራ። አምስቱንም የመረጠው እሱ ነው። ልጁ እጁ ስለሳበ ይወቀስ? 31 ሰዓት የበረረ ሰው ሲወድቅ ወደ ላይ ይስባል፣ ሰው ነዋ! ለዛ ነው ሁለተኛው ወንበር ላይ ደሞዝተኛ የተቀመጠው።

አወያይ

ውይይቱ ደስ ይላል፣ ቀጥሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ በውስጥ መስመር የትምህርት ቤቱን ስም የምትጠይቁ አላችሁ። እዚህ አይጻፍም። አስተማሪውም ራሱን ለመከላከል እዚህ የለም።

የጥድ_ጭስ (ኦሪገን)

ይሄን ክር ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ለጥቂት ዓመት በጋ በጋውን የጫካ እሳት ካምፖች ምግብና ውሃ የሚያደርስ መኪና ነድቻለሁ። እዛ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አደጋ አለ፣ አይረን 44 ይሉታል።

ኦገስት 5 ቀን 2008 ነው። ሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ዊቨርቪል የምትባል ከተማ አቅራቢያ ያለ ተራራ። ሲኮርስኪ ኤስ-61፣ ትልቅ ሄሊኮፕተር፣ ሁለት ተርባይን ያላት። መሸት ሲል እሳት አጥፊዎችን ከተራራው ላይ ታወርዳለች። የማረፊያ ቦታዋ 6,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጀማሪ፣ ካንተ ሜዳ ጋር ምንም አይራራቅም። ሁለት ጊዜ ከዛው ቦታ ሰው ጭና ወርዳለች። በሦስተኛው ተነሳች፣ ቀስ ብላ ወጣች፣ ወደ ፊት ስትሄድ የሮተሯ ዙር መውረድ ጀመረ። ዛፍ መታች፣ ወደቀች፣ ተቃጠለች። ከ13 ሰው 9ኙ ሞቱ፣ አብዛኞቹ ወጣት እሳት አጥፊዎች። ድምፅ መቅጃው ከቃጠሎው ተርፎ ስለነበር መርማሪዎቹ ከተቀዳው የማሽን ድምፅ ዙሩ እንዴት እንደወረደ መለካት ቻሉ። ጋሼ በደረታቸው የሰሙትን እነሱ በኮምፒውተር ሰሙት።

ምክንያቱ ሲጣራ ጉዱ ወጣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እንዳገኘው፣ ኩባንያው የሄሊኮፕተሯን ባዶ ክብደት ሆን ብሎ አሳንሶ ነበር የጻፈው። ምን ያህል ጉልበት አላት የሚለውንም ቻርት ቀይሮታል። ፓይለቶቹ ሒሳባቸውን ሠርተዋል፣ ቻርቱ ግን ውሸት ነበር። በዛ ከፍታና ሙቀት ልትይዘው ከሚገባት ከ3,000 ፓውንድ በላይ ትርፍ ይዛ ነበር። የኩባንያው የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት በ2015 ከ12 ዓመት በላይ እስር ተፈረደበት።

ለዚህ ክር ግን ይበልጥ የሚሆነው ሌላው ነው። ቦርዱ ፓይለቶቹንም አልተዋቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መነሳቶች ሄሊኮፕተሯ የጉልበቷ ጫፍ አጠገብ ደርሳ ነበር። ቻርቱ ውሸታም ቢሆንም ማሽኗ ሁለት ጊዜ እውነቱን ተናግራለች ማለት ነው። አልተሰማችም። ሦስተኛውን ተነሱ።

ነርስ_ሰላም

ነፍሳቸውን ይማር።

ጀማሪ፣ እኔ የማውቀው ሌላውን ነው። «ምንም አልሆንኩም» ብለሃል። በቂጥ ወርዶ መሬት የመታ ሰው አከርካሪው ላይ የሚደርስ ጉዳት አንዳንዴ ወዲያው አያስታውቅም። ራጅ ተነስተሃል? እግርህን መደንዘዝ አለው? እንቅልፍ ማጣቱንም ለሐኪም ንገር፣ ኩራት አይሁንብህ።

እንጦጦ_ንፋስ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ ወሬ ላቋርጥ። 5,900 ጫማ እንዲህ ካደረገ አዲስ አበባስ? ስሜንና ላሊበላ ሄሊኮፕተር ሲያርፍ አይቻለሁ። እነሱ እንዴት ነው የሚነሱት?

ሃንጋር_ሌሊት (ዱባይ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቦሌ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። 25 ዲግሪ በሆነ ቀን ሒሳቡን ብትሠራው ከ10,000 ጫማ ያልፋል። አር22 ሁለት ደልዳላ ሰው ጭና እዛ 30 ጫማ ላይ ቁሚ ብትባል ትስቅብሃለች። ከባሕር ጠለል በታች የሆነው ዳሎል ደግሞ ሙቀቱ ቢገድልህም አየሩ ወፍራም ነው። እዛ ተጭኖ በምቾት የተነሳ፣ ያንኑ ጭነት ይዞ መቀሌ ወይ ላሊበላ ላይ ሆቨር አደርጋለሁ ቢል ሌላ ዓለም ይጠብቀዋል።

እዛ የሚሠሩት ባለ ተርባይን ናቸው። ተርባይንም አየር ሲሳሳ ይደክማል፣ ግን ሲጀመር የተረፈው ጉልበት ብዙ ነው። ኤኤስ350 ቢ3 የሚባለው አይነት በ2005 ኤቨረስት ጫፍ ላይ አርፎ ተነስቷል፣ 8,848 ሜትር ማለት ነው። ብቻውን የሆነ አንድ ፓይለት፣ ከማሽኑ የማያስፈልግ ነገር ተፈትቶ። ይቻላል። ሰውና ሻንጣ ጭኖ ግን አይደለም።

እኔ እዚህ የምሠራበት ሙቀቱ 45 ይደርሳል፣ ከፍታው ግን ዜሮ ነው። የኛ ፓይለቶች በሙቀት ያማርራሉ። ጋሼ ሚል የቆሙበት ገደል ላይ አንድ ቀን ባቆማቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ካፒቴን_ዜድ

ጀማሪ ጠፋህ። ደህና ነህ?

ጀማሪ_በራሪ (ዴንቨር)

አለሁ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ከዛ ደግሞ ስሠራው የቆየሁት ነገር አለ።

ሰላም እህቴ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ ንጹሕ ነው። እንቅልፉን ነግሬያለሁ። አስተማሪዬ ግን አንድ አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ ለስድስት ሳምንት አይበርም። ትናንት ብርቱካን ይዤ ሄጄ ጠየቅኩት።

የሃንጋርን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ የዛን ቀኑን ወረቀት አወጣሁ። እንዲህ ይላል፦ ባዶ ክብደት 880 ፓውንድ፣ አስተማሪዬ 205፣ እኔ 168፣ ነዳጅ 115። ድምር 1,368። የአር22 ጣሪያ 1,370 ነው። «ሁለት ፓውንድ ተርፎናል» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እጅ ጽሑፌ እዛው ላይ አለ፣ አጠገቡ ፈገግታም ስዬበታለሁ።

ከዛ የሆቨር ቻርቱን ከፈትኩ። ፊት ከፍቼው አላውቅም ነበር፤ ለፈተና ነው ያነበብኩት እንጂ ለበረራ አይደለም። ከመሬት ርቆ ለሚደረገው ሆቨር የሆነውን ገጽ ማለቴ ነው። ከከፍታው ተነስቼ በጣቴ ወደ 32 ዲግሪው መስመር ሄድኩ፣ ከዛ ወደ ታች ወደ ክብደቱ ወረድኩ። ጣቴ ያረፈው ከ1,368 በጣም ቀድሞ ነው። ሦስቴ ደገምኩት። አስተማሪዬንም አሳየሁት፣ አልጋው ላይ ሆኖ አየው፣ ምንም አላለም፣ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

ሌላም አለ። የጥድ ጭስ ስለ ሁለቱ መነሳቶች ሲጽፍ ነው ትዝ ያለኝ። ሦስት ጫማ ላይ እያለን ሆርኑ አንዴ ጭር ብሎ ነበር። ግማሽ ሰከንድ አይሞላም። አስተማሪዬን አየሁት፣ «ሙቀት ነው» አለኝ። እኔም ሙቀት ነው አልኩ። ከዛ 30 ጫማ ወጣን።

በ1995 የወጣው የአሜሪካ አቪዬሽን ደንብ አር22 የሚበር ሰው ሁሉ ስለ ዝቅተኛ የሮተር ዙር ለብቻው እንዲማር ያስገድዳል። እኔም ተምሬያለሁ። ማስታወሻዬ ላይ «ዙር ሲወርድ ትሮትል ክፈት፣ ኮሌክቲቭ አውርድ» ብዬ በቀይ ጽፌ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ጭንቅላቴ ያውቀዋል። ክንዴ ነው ያልተማረው።

ጋሼ_ሚል (ቢሾፍቱ)

ክንድ የሚማረው በመደጋገም ነው ልጄ። እኛ ጋ አንድ የበረራ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹን መሬት ላይ፣ ሞተር በጠፋ ማሽን ውስጥ አስቀምጦ በፉጨት ብቻ ያለማምዳቸው ነበር። ሲያፏጭ እጅ ወደ ታች። ምሳ እየበሉም ያፏጫል። ምሳ ቤት ውስጥ ሰባት ጎልማሳ በአንዴ ግራ እጁን ወደ ወንበሩ ሲጥል ያየ ጎብኚ ያበዱ መስሎት ነበር።

ኢሱዙ_ነጂ

ጋሼ ይሄን ሳነብ ራሴ ግራ እጄን አወረድኩ 😂

ካፒቴን_ዜድ

ፈገግታውን የሳልክበትን ወረቀት አትጣለው።

ለመሆኑ ትመለሳለህ?

ጀማሪ_በራሪ (ዴንቨር)

ቅዳሜ። ከሌላ አስተማሪ ጋር፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ትንበያው 14 ዲግሪ ይላል። የመጀመሪያውን ሰዓት ምንም ሳንሄድ እሷ ዙሩን እያወረደች እኔ እየመለስኩ እንድንሠራ ነው የጠየቅኳት፣ ሦስት ጫማ ላይ።

እናቴ ሕልም አይታ ደውላ ነበር፣ ሳሪስ አካባቢ ምስክሬ ነህ። ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዛ «ያ ፈረንጅ አጥንቱ ዳነ ወይ?» አለችኝ።

ሳሪስ_አካባቢ

ብያለሁ!

ጋሼ_ሚል (ቢሾፍቱ)

እናትህን ሰላም በልልኝ። ነዳጅስ ስንት ልትሞሉ ነው?

ጀማሪ_በራሪ (ዴንቨር)

ግማሽ ጋሼ። ቻርቱንም ትናንት ማታ ሠርቼ ፎቶውን ልኬላታለሁ።

ጋሼ_ሚል (ቢሾፍቱ)

ቅዳሜ ጠዋት ስትደርሱ ደግሞ ቴርሞሜትሩን አይተህ እንደገና ሥራው። ትንበያ ሰው ያወራው ነው።